የሽንኩርቱ ደብተር

ኢስቶኒያ፣ ፔይፐስ ሐይቅ ዳር፣ ሽንኩርት ተጎንጉኖ
በየቤቱ ደጃፍ እንደ ሹሩባ ሆኖ
በሚሰቀልባት፣ ባንዲት ቀጭን መንደር፣
ዚኖቪያን ወረሳት የአያቷ ነገር።
ቤቱን ወንድም ወሰደ፣ እርሻውን እህቷ፤
ለሷ የደረሳት ስሙ ነው ያያቷ፤
ካሊስትራት፣ የ«ሊንዳ» ነጂ፤ በጥቅምት ጨለማ
ሃያ ሰባት ነፍስ ይዞ ሰጠመ ሲባል የሚሰማ።

ሰክሮ ነበር ይላሉ። ከልጅነት ጀምሮ
ይህን ሰምታ አድጋለች እንደ እንጉርጉሮ፤
የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ሰካራም ሲመክሩ
በካሊስትራት ስም ነው ነገር የሚጀምሩ።
ሐይቁ ግን ዝም። ሐይቅ ምን ምስክር ይሆናል?
የዋጠውን ሳይተፋ በረዶውን ይለብሳል።

ስድሳኛ ዓመቷን በደፈነች ማግስት
መነጽሯን ወልውላ ሄደች ቤተ መጻሕፍት፤
«ስለ ሊንዳ የተጻፈ፣ ያለውን ሁሉ» አለች፤
ማይሙ፣ መጽሐፍ ጠባቂዋ፣ መሰላሉን ወጣች።

መጀመሪያ የወረደው ቀይ ሽፋን ያለው፣
ባለ መርከቡ ከፍሎ ያስጻፈው፤
«ነጂው ጠጥቶ ነበር» ይላል ገጽ አርባ ላይ፤
ሲሰክር ያየው ማን ነው? ግርጌው ጭር ያለ ሰማይ።
ብዙ ሰው የቆመው እዚህች ገጽ ላይ ነው፤
መንደሩ ያነበበው ይኸው አንዱን ነው።

ሁለተኛው ግን ቀጭን፣ የአንድ መምህር ድካም፤
«ማዕበል ነው» ይላል፤ «በደል በሰው የለም»።
እሱን ወደደችው። ከትራሷ ሥር ከታ
ሦስት ሌሊት ተኛች እንደ ሕፃን ተረጋግታ።
በአራተኛው ነቃች፦ «ለምን ነው የወደድኩት?
እውነት ስለ ሆነ ነው? ወይስ ስላስተኛኝ በሌሊት?»

ሦስተኛው ጀርመንኛ፤ መዝገበ ቃላት ይዛ
አንድ ክረምት ቆፈረችው፣ ግማሹን ገምታ፣ ግማሹን ተክዛ፤
የመሐንዲስ ጽሑፍ፦ ስለ ጣውላ፣ ስለ ምስማር፣
«መርከብ በነፋስ ብቻ አይሰጥምም» የሚል ነገር።
አራተኛው በሩስኛ ተሳደበ አምስተኛውን፤
አምስተኛው ሳያነበው ሰደበ ስድስተኛውን፤
ስድስተኛው ቀጣፊ ነው፤ አንድ እውነት ግን ነበረው፦
«ያ ዕለት የገበያ ዋዜማ ነው»።

ባሏ ፊላሬት ይስቃል፦ «አሁንም አልጨረስሽም?
ስንት አፍ ትሰሚያለሽ? አንዱ አይበቃሽም?»
«አንድ አፍ ለመብላት ነው፤ ለፍርድ አይሆንም» አለችው፤
«ሽንኩርት እንኳ ስትሸጥ ስንት ቦታ ነው ዋጋ የምትጠይቀው?»

ማይሙ አንድ ማታ፣ ከምድር ቤቱ ጓዳ
ብል የበላው ደብተር አመጣች፣ የሌላ ዘመን ዕዳ፤
የሽንኩርት ነጋዴ ሒሳብ፣ ሌላ አይደለም፣ ይኸው ብቻ፤
ታሪክ ልጻፍ አላለም፤ ቁጥር ነው፣ ዋጋና ስልቻ።
«ጥቅምት ዘጠኝ፤ በሊንዳ፤ አራት መቶ ጆንያ።»
መሐንዲሱ ያሰላው ልኳ መቶ ሰማንያ።

እጇ ተንቀጠቀጠ። «ነጻ ወጣህ!» ልትል ስትል
ከቁጥሩ ግርጌ አየች ሌላ ቀለም፣ ሌላ ፊደል፦
«ጭነቱን ተቀብያለሁ»፤ ቀጥሎ ስም፣ ከነፊርማው፦
ካሊስትራት። መስመሩ ቀጥ ያለ፤ የሰካራም እጅ አይደለም የጻፈው።

ብዙ ዝም አለች። ከውጭ የሐይቁ በረዶ ሲሰነጠቅ
ይሰማል፤ እንደ ወፍራም መጽሐፍ ጀርባ ሲላቀቅ።

አልሰከረም። ማዕበልም ብቻውን አልገደለም።
ያዘዘ ሌላ ሰው አለ፤ «እምቢ» ያለ ግን የለም።
የመንደሩ ካሊስትራት አይደለም፤ የመምህሩም አይደለም፤
ሦስት ሌሊት ያስተኛት፣ ያ የዋህ ሽማግሌም አይደለም፤
ሌላ ሰው ነው፦ ደመወዙን የፈራ፣
ጭነቱን እያየ መልህቅ ያነሣ፣ ፋኖስ ያበራ።
ይህን አያት አልፈለገችውም። የመጣላት ግን እሱ ነው፤
አልጋው ላይ ጠርዝ ይዛ አደረች፣ ቦታ ለቅቃለት ለሱ ነው።

ፋሲካ ላይ ሽማግሌው ያንን ተግሣጽ ሲጀምሩ
ዚኖቪያ ተነሣች፤ ሻሿን አጠበቀች፤ ሰዎች ዞሩ።
«ሰባት አፍ ሰምቻለሁ» አለች፤ «ስምንተኛው የኔው አፍ፤
ዘጠነኛ ያላችሁ አምጡ፤ በእርሳስ ነው የምጽፍ።»